አሳሞአ ጂያን አል አይን በመግባቱ ከሰረ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አል አይን ነው። እዚህ ስለ ጋናዊው አጥቂ አሳሞአ ጂያን ሲወራ ከተማዋን የገዛ ሰው ይመስላል። አገር ቤት ያሉ ጓደኞቼ ግን “በ25 ዓመቱ ፕሪሚየር ሊግን ለብር ብሎ ጥሎ የሄደ፣ በዓለም ዋንጫ ፍፁም ቅጣት ምት የሳተ” ይሉና ወሬውን ይዘጉታል። ያን ሁሉ ክለብ መቀያየሩንም እንደ ጉድለት ያነሱበታል። እውነት የእግር ኳስ ሕይወቱን በገዛ እጁ አበላሽቷል? ወይስ የማናየው ነገር አለ?»

ምላሽ፦

የኤምሬትሱ ክለብ አል አይን መግባቱ አላበላሸውም። የጎዳው ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ቻይናው ሻንጋይ መሄዱ ነው። ጓደኞችህ ሁለቱን ዝውውሮች አንድ አድርገው ስለሚያዩ ይመስለኛል ፍርዳቸው የተዛባው። በተጫዋቾች ዝውውር ላይ ሳማክር ይህ ሰው በተደጋጋሚ በምሳሌነት ይነሳብኛል፤ ብዙ ጊዜም የሚነሳው በተሳሳተ መንገድ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን መዝገቡን እንይ። ጂያን ለጋና ብሔራዊ ቡድን 109 ጊዜ ተሰልፎ 51 ግቦች አስቆጥሯል፤ የአገሩ የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢ ነው። በዓለም ዋንጫ ያገባቸው 6 ናቸው፤ የካሜሩኑን ሮጀር ሚላን በአንድ በልጦ ከአፍሪካውያን ሁሉ ቀዳሚ ሆነ፤ እስከ 2022ቱ የዓለም ዋንጫም የደረሰበት የለም። ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ከ2006ቱ የዓለም ዋንጫ እስከ 2017 ጋና በተካፈለችባቸው ዘጠኝ ተከታታይ ትልልቅ ውድድሮች፣ ማለትም በሦስት የዓለም ዋንጫዎችና በስድስት የአፍሪካ ዋንጫዎች፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ግብ አስቆጥሯል። አሁን ይህን አስተውል፦ ከዘጠኙ ውስጥ አራቱን፣ የ2012ን፣ የ2013ንና የ2015ን የአፍሪካ ዋንጫዎች እንዲሁም የ2014ን የዓለም ዋንጫ የተጫወተው የአል አይን ማሊያ ለባሽ በነበረበት ጊዜ ነው። ያለቀለት አጥቂ ጀርመን ላይ አያገባም።

ክለብ መቀያየሩን ለመረዳት ከየት እንደተነሳ ማየት ይጠቅማል። አክራ ውስጥ በኅዳር 1985 ተወለደ። ታላቅ ወንድሙ ባፉር ጂያንም ለጋና የተጫወተ አጥቂ ነው። ትንሹ ጂያን ያደገበት ሊበርቲ ፕሮፌሽናልስ ማይክል ኤሲየንንና ሱሌይ ሙንታሪን ያፈራ ክለብ ነው፤ ልጅ ኮትኩቶ ወደ አውሮፓ በመላክ የሚኖር ክለብ ስለሆነ እዚያ ጎበዝ የሆነ ወጣት ብዙ አይቆይም። በ2003 የጣሊያኑ ኡዲኔዜ ወሰደው። ኡዲኔዜ ደግሞ የራሱ ስልት አለው፤ ከመላው ዓለም ወጣቶችን በርካሽ ይሰበስባል፣ ወደ ዝቅተኛ ዲቪዚዮን በውሰት ልኮ ያበስላቸዋል፣ ሲጎመሩ በውድ ይሸጣቸዋል። ስለዚህ ልጁ ሁለት የውድድር ዓመታት ሞዴና ውስጥ በሴሪ ቢ አሳለፈ። ወደ ኡዲኔ ተመልሶ ሲመጣ አጥቂዎቹ ዲ ናታሌና ያኩዊንታ ፊት ለፊቱ ነበሩ። ከዚያ በ2008 ክረምት በ8 ሚሊዮን ዩሮ ለፈረንሳዩ ሬን ተሸጠ። እነዚህን ጉዞዎች «ክለብ ቀያያሪ» ብሎ በእሱ ላይ መቁጠር ፍትሐዊ አይደለም። ከምዕራብ አፍሪካ በ17 ዓመቱ የተወሰደ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚዞረው ሌሎች በሠሩለት መንገድ ነው።

ብሔራዊ ቡድኑ ግን ከመጀመሪያው ቀን የራሱ ነበር። በኅዳር 2003 በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከሶማሊያ ጋር ተቀይሮ ገብቶ አገባ፤ 18 ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ጋና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ ስትገባ፣ ኮሎኝ ላይ ቼክ ሪፐብሊክን ባሸነፈችበት ጨዋታ ገና ሁለተኛው ደቂቃ ሳይጠናቀቅ የመጀመሪያውን ግብ አስቆጠረ። እስቲ ያቺን ግብ ቀረብ ብለህ እያት። ስቲቨን አፒያ ኳሷን ወደ ሳጥኑ ሲያሻግራት ጂያን በተከላካዮቹ መካከል ቆሞ አይጠብቅም፤ ኳሷ ስትነሳ አብሯት ይነሳል። በደረት አበረዳት፤ መሬት ሳትረጋጋ በዝቅታ መታት፤ ግብ ጠባቂው ፒተር ቼክ ተዘርግቶም አልደረሰባትም። ሦስት ንክኪ የሚፈልግ አጥቂ ያንን ግብ አያገባም። የጂያን ትልቁ ሀብት ይኼ ነው፦ በመሐል ተከላካዩና በመስመር ተከላካዩ መካከል ያለችውን ክፍተት ይሰርቃል፣ ተከላካዩን በትከሻ ይዞ ኳሷን በደረት ያወርዳል፣ ከዚያ ሳያመነታ ይመታል።

በዚያው ጨዋታ ፍፁም ቅጣት ምት መትቶ ቋሚውን እንደነካበት ብዙ ሰው ዘንግቶታል። በቢጫ ካርድ ብዛት የአሜሪካው ጨዋታ አመለጠው፤ ከብራዚል ጋር ሲመለስ ደግሞ ወድቋል ተብሎ ሁለተኛ ቢጫ አይቶ ወጣ። በ20 ዓመቱ በአንድ ውድድር ጀግናም ተወቃሽም ሆነ።

የ2008ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ጋና ላይ ሲካሄድ ግን ነገሩ ከረረ። በመክፈቻው ጊኒ ላይ በፍፁም ቅጣት ምት አግብቶ ነበር። ቀጥሎ ናሚቢያን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ያመለጡት የግብ ዕድሎች የሕዝቡን ቁጣ ቀሰቀሱ፤ ቁጣው እስከ ቤተሰቡ ደረሰ። ጂያንና ወንድሙ ባፉር ሻንጣቸውን ሸክፈው ከካምፕ ሊወጡ ተነስተው በልመና ነው የቀሩት። በገዛ አገሩ ሜዳ፣ ቡድኑ አሸንፎ እያለ። ጓደኞችህ በኋላ ስለ ገንዘብ ሲያወሩ ይህን ከግምት ቢያስገቡት ደስ ይለኛል። ይህ ሰው ከ22 ዓመቱ ጀምሮ የአንድ አገር ሕዝብ ንዴት በትከሻው ላይ ነበር።

ከዚያ 2010 መጣ፤ ምርጡ ዓመቱ። ሬን ውስጥ በፈረንሳይ ሊግ 13 ግቦች አገባ። አንጎላ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ጋና ለፍፃሜ የደረሰችው በአጠቃላይ 4 ግቦች ብቻ አስቆጥራ ነው፤ ሦስቱ የጂያን ናቸው። በሩብ ፍፃሜው አንጎላን፣ በግማሽ ፍፃሜው ናይጄሪያን 1 ለ 0 ያሸነፉባቸው ሁለቱም ግቦች የእሱ ናቸው። ሰርቢያዊው አሰልጣኝ ሚሎቫን ራዬቫች ቡድኑን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርጎ፣ ፊት ላይ አንድ አጥቂ ብቻ ትቶ ነበር የሚጫወተው። ይህ ለአጥቂ ከባድ ሥራ ነው። ጨዋታውን ሙሉ ብቻህን ከሁለት ተከላካዮች ጋር ትታገላለህ፣ ኳስ ትይዛለህ፣ አማካዮች እስኪደርሱልህ ትረገጣለህ፤ ከዚያ አንዲት ዕድል ስትመጣ እንዳትስታት ይጠበቅብሃል። ደቡብ አፍሪካ ላይም ይኸው ነበር። ሰርቢያን በፍፁም ቅጣት ምት፣ አውስትራሊያን በፍፁም ቅጣት ምት፣ አሜሪካን ደግሞ ሩስተንበርግ ላይ በጭማሪው ሰዓት፦ አንድሬ አየው ከሩቅ የላካትን ኳስ በደረት አወረደ፣ የሁለት ተከላካዮችን ግፊያ ተቋቁሞ በግራ እግሩ ግብ ጠባቂው ቲም ሃዋርድ ላይ አገባ። የኮሎኟ ግብ እህት ናት።

ወደ ፍፁም ቅጣት ምቱ እንምጣ፤ ሳላነሳው ባልፍ መልሱ ጎዶሎ ይሆናል። ሐምሌ 2 ቀን 2010፣ ጆሃንስበርግ፣ ሶከር ሲቲ። ጋናና ኡራጓይ 1 ለ 1 ናቸው። የ120 ደቂቃው ጨዋታ ሊያልቅ ሲል የዶሚኒክ አዲያ የጭንቅላት ኳስ መስመሩን ልታልፍ ስትል ልዊስ ሱዋሬዝ በእጁ መለሳት። ቀይ ካርድ። ፍፁም ቅጣት ምት። ከገባች አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ ትገባለች፤ ካሜሩን በ1990፣ ሴኔጋል በ2002 ሩብ ፍፃሜው ላይ ቆመው ነበር። ጂያን መታት፤ አግዳሚውን ነክታ ወጣች። ፊሽካው ተነፋ።

ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ቪዲዮውን ያቆመዋል። እባክህ አታቁመው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የመለያ ምት ተጀመረ፤ ለጋና የመጀመሪያውን ምት ለመምታት የተነሳው ራሱ ጂያን ነው። ያንን የሳተ ሰው ከአምስቱ ውስጥ እንዳይገባ ቢጠይቅ ማን ይወቅሰው ነበር? ገባ፤ ደግሞም እንደገና ወደ ላይ መታት፤ የላይኛውን ማዕዘን አገኘች። ጋና የተሸነፈችው ጆን ሜንሳህና አዲያ የመቷቸው በግብ ጠባቂው ሙስሌራ ስለተያዙ ነው። በሙያዬ ስለ ድፍረት ስጠየቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለኝም።

በነሐሴ መጨረሻ የእንግሊዙ ሰንደርላንድ በ13 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ በወቅቱ የክለቡ ክብረ ወሰን ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታው ዊጋን ላይ አገባ። ቼልሲን በስታምፎርድ ብሪጅ 3 ለ 0 ባሸነፉበት ቀን አንዷ የእሱ ነበረች። በሊጉ 10 ግቦች አስቆጠረ። በመጋቢት 2011 ደግሞ ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝን በባከነው ሰዓት አቻ ያደረገች ግብ አለችው። የቢቢሲ የአፍሪካ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማትም ለ2010 የተሰጠው ለእሱ ነው። ታዲያ ለምን ሄደ?

በጥር 2011 ዳረን ቤንት ወደ አስቶን ቪላ ተሸጠ። ጂያን የመጣው ከቤንት ጋር ለመጣመር ነበር፤ ብቻውን ቀረ። ሰንደርላንድ ያንን ዓመት በ10ኛ ደረጃ ጨረሰ፤ ዋንጫም የአውሮፓ ውድድርም በአካባቢው አልነበረም። እዚህ ላይ አል አይን መጣ። በደመወዙ መጠን ላይ ብዙ ተወርቷል፤ እኔ የማነሳልህ ሰው የሚዘነጋውን ነገር ነው። በዚያ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ከ150,000 ፓውንድ በላይ በሆነ ገቢ ላይ ግብሩ 50 ከመቶ ነበር። ኤምሬትስ ውስጥ የገቢ ግብር የለም፤ አንተም እዚያ ስለምትሠራ ታውቀዋለህ። ስለዚህ ደመወዙ ባይጨምር እንኳ ኪሱ የሚገባው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረው ነበር፤ ደመወዙ ደግሞ በብዙ እጥፍ ጨምሯል። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ዓመት ውሰት ነበር፤ ማለትም ባይስማማው ተመልሶ ሰንደርላንድ ይገባል። በር ያልዘጋ፣ ገቢውን ያበዛ፣ ዋና አጥቂ የሚያደርግ ውል ነው። ያንን ውል ለደንበኛዬ ቢያመጡልኝ በትኩረት ነበር የማነበው። «ለብር ብሎ ሄደ» ለሚሉት፦ አዎ፣ ብሩ አለበት። ማንኛችንም ወደ ባሕረ ሰላጤው የሄድነው ወይም ዘመድ የላክነው ለምን እንደሆነ እናውቃለን፤ በእሱ ላይ ሲሆን ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሜዳ ላይ የሆነው ደግሞ ይኸውልህ። አል አይን ያለፈውን ዓመት በሰንጠረዡ የታችኛው ክፍል የጨረሰ ትልቅ ስም ነበር። ሮማኒያዊው ኮስሚን ኦላሮዩ አሰልጣኝ ነው። ከኋላው ኳስ የሚያቀብለው ዑመር አብዱራህማን፣ ጠጉሩ የተንጨባረረው፣ በእስያ ከታዩት ምርጥ አቀባዮች አንዱ። ጂያን በመጀመሪያው ዓመት 22፣ በሁለተኛው 31፣ በሦስተኛው 29 የሊግ ግቦች አስቆጥሮ ሦስቱንም ዓመት ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በእሱ ጊዜ ክለቡ ሊጉን ሦስት ጊዜ፣ በ2012፣ በ2013 እና በ2015 አነሳ። በ2014 የእስያ ሻምፒዮንስ ሊግ 12 ግቦች አግብቶ የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ፤ አል አይን ለግማሽ ፍፃሜ ደርሶ በሳዑዲው አል ሂላል ወጣ። ያንን ቡድን ያሰለጥን የነበረው ዝላትኮ ዳሊች ከአራት ዓመት በኋላ ክሮኤሽያን ለዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ያደረሰው ሰውዬ ነው። ሰዎቹ ቀልደኞች አልነበሩም።

«ሊጉ ደካማ ነው» የሚለውን ክርክር አልንቀውም። ተከላካዮቹ ከእንግሊዝ ጋር አይወዳደሩም፤ 31 ግብ አል አይን ውስጥ 31 ግብ ሰንደርላንድ ውስጥ ማለት አይደለም። ግን ሌላም ጎን አለው። የኤምሬትስ ሊግ ጂያን በገባበት ዓመት 12 ክለቦች ነበሩት፤ 22 ጨዋታ ብቻ። በእንግሊዝ 38 የሊግ ጨዋታ አለ፣ ዋንጫዎቹ ሳይቆጠሩ። ፍጥነቱና ትከሻው መሣሪያው ለሆነ አጥቂ፣ በየሁለት ዓመቱ በጥር የአፍሪካ ዋንጫ ለሚጠብቀው ሰው፣ ያ ልዩነት እግር ያቆያል። ለጋና በየውድድሩ ትኩስ ሆኖ የመጣው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

በዚህ መሐል በየካቲት 2012 በኢኳቶሪያል ጊኒዋ ባታ ላይ ሌላ ፍፁም ቅጣት ምት አመለጠው። የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ ከዛምቢያ ጋር፤ ግብ ጠባቂው ኬኔዲ ምዌኔ አዳነበት፤ ዛምቢያዊው ማዩካ አገባ፤ ጋና ወጣች። ወቀሳው እንደገና ጎርፍ ሆነ፤ ጂያን ለጊዜው ከብሔራዊ ቡድኑ ራሱን አገለለ። በዚያው ዓመት ኅዳር እናቱ በመኪና አደጋ አረፉ። ለጋና ዳግም ፍፁም ቅጣት ምት እንዳይመታ እናቱ ተማጽነውት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ከሁለት ወር በኋላ በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድኑን በአምበልነት ይዞ ሲመጣ ፍፁም ቅጣት ምቶቹን ሙባረክ ዋካሶ መታ፣ አገባቸውም። አምበል ሆኖ፣ ዋና አጥቂ ሆኖ፣ ኳሷን ለሌላ መስጠት ቀላል አይደለም። የእናት ቃል ግን የእናት ቃል ነው።

ብራዚል 2014 ስለ ገንዘብ ላነሳኸው ነገር የተሻለ መልስ ይሰጣል። የጋና ተጫዋቾች የተሳትፎ ክፍያችን በእጃችን ካልገባ አንጫወትም አሉ፤ መንግሥት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ በአውሮፕላን ጭኖ ላከ። ዓለም ሳቀባቸው። እኔ ግን አልሳቅሁም። ለዓመታት ቃል ተገብቶላቸው የቀረ ክፍያ የሚያውቁ ተጫዋቾች ናቸው፤ በወረቀት ማመን ትተው ነበር። አምበላቸው ጂያን በዚያ ትርምስ መሐል ምን ሠራ? ፎርታሌዛ ላይ ሙንታሪ ከፊሊፕ ላም ነጥቆ ሲያሾልክለት ማኑዌል ኖየርን አልፎ አገባ፤ ጋና ጀርመንን 2 ለ 1 መራች። በመጨረሻ 2 ለ 2 አለቀ፤ ዋንጫውን የወሰደችው ጀርመን በዚያ ውድድር ያላሸነፈችው ቡድን ጋና ብቻ ናት። ከአምስት ቀን በኋላ ሙንታሪና ኬቨን ፕሪንስ ቦአቴንግ ከካምፕ በተባረሩበት ዕለት፣ ፖርቱጋል ላይ በጭንቅላቱ ስድስተኛዋን አገባ። ሮጀር ሚላን የበለጠባት ግብ እሷ ናት።

አሁን ወደ ሻንጋይ። በሐምሌ 2015፣ ሊሞላው 30 ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ስቬን ጎራን ኤሪክሰን ወደሚያሰለጥነው ሻንጋይ ኤስአይፒጂ ገባ። ደመወዙ በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሚባሉት ተርታ ነበር። አል አይን ሲገባ የነበሩት ሌሎቹ ነገሮች ግን እዚህ አልነበሩም። መመለሻ በር የለም። አካሉ በጉዳት መቁሰል ጀምሯል። የቻይና ክለቦች ደግሞ በዚያ ጊዜ በየዝውውር መስኮቱ የተሻለ የውጭ ተጫዋች ይገዙ ነበር፤ የውጭ ተጫዋች ቁጥር በሊጉ ደንብ የተገደበ ስለነበር አዲስ በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ቦታ ይለቅ ነበር። በ2016 መጀመሪያ ኤልኬሰን፣ አጋማሹ ላይ ሃልክ መጡ። ጂያን በውሰት ወደ ዱባዩ አል አህሊ ተላከ፤ አራት ዓመት ንጉሥ ወደነበረበት ሊግ፣ በተቀናቃኝ ማሊያ። የቁልቁለቱ መጀመሪያ እዚህ ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። በ2017 የቱርኩ ካይሴሪስፖር በነፃ፤ በ2019 የህንዱ ኖርዝ ኢስት ዩናይትድ፣ ጉዋሃቲ ከተማ፣ 8 ጨዋታ 4 ግብ፣ ከዚያ ጉዳት፤ በ2020 ወደ አክራ ተመልሶ ሌጎን ሲቲስ። ጫማ መስቀሉን ያወጀው በሰኔ 2023 ነው። በዚያ ቁልቁለት ላይ እያለ እንኳ ለእኛ ተርፎናል፦ በሰኔ 2017 ኩማሲ ላይ ጋና ዋልያዎቹን 5 ለ 0 ስታሸንፍ የመጀመሪያዋን ግብ ያገባብን እሱ ነበር። በ2019 አሰልጣኝ ክዌሲ አፒያ የአምበልነቱን ጨርቅ ለአንድሬ አየው ሲሰጡ ጂያን ከብሔራዊ ቡድን መልቀቁን አወጀ፤ ፕሬዝዳንት አኩፎ አዶ ራሳቸው ለምነውት ተመለሰ። ግብፅ ሄዶ ሳያገባ ተመለሰ፤ የዘጠኙ ውድድር ሰንሰለትም እዚያው ተቋረጠ።

በስምንት አገሮች አስራ አንድ ክለብ ማለት ነው፣ አክራን ጨምሮ። ለጋና አጥቂ ይህ እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ በቡንደስሊጋው ሁለት ጊዜ ኮከብ ግብ አግቢ የነበረው ቶኒ የቦአ እንኳ ፍራንክፈርትን፣ ሊድስንና ሃምቡርግን ዞሮ የጨረሰው ኳታር ነው። ነፍሱን ይማረውና ጁኒየር አጎጎ ከኖቲንግሃም ፎረስት ወደ ካይሮው ዛማሌክ፣ ከዚያ ወደ ቆጵሮስ፣ ከዚያ ወደ ስኮትላንድ ሄዷል። ልዩነቱ የቦአ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሄደው ሲደክመው ነው፤ ጂያን የሄደው ገና ጉልበቱ ሳለ ነው። ሰዎችን ያናደደውም ይህ ይመስለኛል።

ለጓደኞችህ የምተውላቸው አንድ ትክክለኛ ነጥብ አለ። ጂያን በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ሳይጫወት ጫማውን ሰቅሏል። በ25 ዓመቱ አል አይን ሲገባ ያ በር ተዘጋ፤ አውሮፓ ውስጥ ያሉ ትልልቅ ክለቦች ከባሕረ ሰላጤው ሊግ የ28 ዓመት አጥቂ አይገዙም ነበር፣ የቱንም ያህል ቢያገባ። ቢቆይ ኖሮ ደረጃው ከፍ ባለ ክለብ ሁለትና ሦስት ጥሩ ዓመት ይኖሩት ይሆን? ለእኔ ችሎታው ነበረው። ዋጋው ይኼ ነው፤ የከፈለውም እሱ ነው። ለጋና ግን ከዚያ ዝውውር በኋላ የጎደለባት ነገር አልታየኝም፤ ከአራት ውድድር አራቱንም አግብቶላታል።

ጓደኞችህን ማሳመን ከፈለግህ የጆሃንስበርጉን ቪዲዮ ተውላቸውና የጥር 23 ቀን 2015ቱን የጋናና የአልጄሪያ ጨዋታ አሳያቸው፤ ሞንጎሞ፣ ኢኳቶሪያል ጊኒ። ጂያን በወባ ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ስለነበር የመጀመሪያው የሴኔጋል ጨዋታ አምልጦታል፤ ጋናም ተሸንፋለች። በሁለተኛው ተሰለፈ። 90ው ደቂቃ አልቆ 0 ለ 0 ነው። ያው ዋካሶ ከራሱ ሜዳ ረጅም ኳስ ይልካል። ጂያን የአልጄሪያውን ተከላካይ በትከሻው ይዞ ይሮጣል፣ ኳሷ አንዴ ስትነጥር ይቀድመዋል፣ ግብ ጠባቂው ሳይወጣ ወደ ሩቁ ጥግ ይሰዳታል። የኮሎኝ ሩጫ፣ የሩስተንበርግ ትከሻ፣ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ ከአል አይን መጥቶ። ጋና በዚያ ግብ ተነስታ እስከ ፍፃሜው ደረሰች፤ በመለያ ምት 9 ለ 8 በአይቮሪኮስት የተሸነፈችበትን ያንን ፍፃሜ ግን ሙሉውን ካላየህ ስለ ጂያን አትፍረድ፤ ምቶቹ ሲመቱ እሱ ተቀይሮ ወጥቶ ነበር።